«ሕንፃው ምርመራውን አልፏል» ሲሉሽ ምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ?

አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ማያሚ ቢች ውስጥ ባሕሩ ዳር ባለ 14 ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተከራይቼ እኖራለሁ። ሕንፃው በ1986 የተሠራ ነው። አከራዬ ቤቱን ልትሸጥልኝ ትፈልጋለች፣ ዋጋውም ከአካባቢው ቀነስ ያለ ነው። የባለቤቶች ማህበሩ 'ሕንፃው የግዴታ የመዋቅር ምርመራውን አልፏል' ይላል። እኔ ግን ጋራዡ ውስጥ ከጣሪያው ቡናማ የዝገት ውሃ ሲንጠባጠብ አያለሁ። ኮንክሪቱ ተልጦ ብረቱ የሚታይበት ቦታም አለ። ምርመራውን ካለፈ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ልግዛው ወይስ ልተወው? ታናሽ እህቴ ደግሞ እዚሁ አቅራቢያ ኪራይ አፓርትመንት ውስጥ ናት። ሕጉ ለእሷም ይሠራል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አጭሩን ልንገርሽ። ያየሽው ዝገት ብቻውን ሕንፃው ሊወድቅ ነው ማለት አይደለም። ባሕር ዳር ቆሞ 40 ዓመት የተጠጋው የአርማታ ሕንፃ የሆነ ቦታ ላይ ዝገት ባይኖረው ነው የሚገርመኝ። «አልፏል» የሚለው ቃልም ግን ምንም አያረጋግጥልሽም። ይሄ ምርመራ እንደ ትምህርት ቤት ፈተና አለፈ ወደቀ ተብሎ የሚዘጋ ነገር አይደለም። ውጤቱ ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ምን አለ? ከሪፖርቱ በኋላ ምን ተሠራ? ላልተሠራው ገንዘቡ አለ ወይ? እነዚህን ሳታውቂ አትፈርሚ።

አሁን ወደ ረጅሙ ልግባ። የመዋቅር መሐንዲስ ነኝ፣ እንዲህ ያሉ ሕንፃዎችን መመርመር ሥራዬ ነው። ስለዚህ ትንሽ ብረዝምብሽ ታገሺኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሕጉ ከየት እንደመጣ ካላወቅሽ ሪፖርቱ ውስጥ የትኛው ገጽ ላይ ማተኮር እንዳለብሽ አይገባሽም። ካንቺ ሰፈር በስተሰሜን ሰርፍሳይድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ የሚባለው ባለ 12 ፎቅ ኮንዶሚኒየም ጁን 24 ቀን 2021 ሌሊት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣ ግማሽ ያህሉ ተደረመሰ። 98 ሰው ሞተ። ሕንፃው የተሠራው በ1981 ነው፣ 136 ቤቶች ነበሩት። ያን ዓመት የ40 ዓመት ዳግም ማረጋገጫ (ያረጀ ሕንፃ አሁንም ደህና መሆኑን ለማየት የሚደረግ የግዴታ ምርመራ) ሊደረግለት ዝግጅት ላይ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ግን አደጋው ብቻ አይደለም። ከአደጋው ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2018፣ ማህበሩ ራሱ የቀጠረው መሐንዲስ ችግሩን በጽሑፍ አስቀምጦት ነበር። የመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ያለው ሶሌታ (የኮንክሪት ወለሉ) ዝንባሌ ሳይሰጠው ዝርግ ሆኖ ነው የተሠራው፣ ስለዚህ ውሃው አይፈስም፣ እዚያው ይተኛል። ከሥሩ ያለው የውሃ መከላከያ ልባስ ዕድሜው አልቋል። በቅርቡ ካልተቀየረ የኮንክሪቱ ጉዳት በፍጥነት ይባባሳል አለ። ወጪውም ያኔ ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ያው በዚያው ዓመት ኅዳር አካባቢ የከተማዋ የሕንፃ ሹም በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ሕንፃው በጣም ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ይመስላል ማለቱ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ክርክር መጣ። የቦርድ አባላት ለቀቁ። ግምቱ እየጨመረ ሄደ፣ በኤፕሪል 2021 ባለቤቶቹ ላይ የ15 ሚሊዮን ዶላር ልዩ መዋጮ ተጣለ። እንደየቤቱ ስፋት ከ80 ሺህ ዶላር ገደማ ጀምሮ ትልቁ ቤት ላይ እስከ 336 ሺህ ዶላር ድረስ። ክፍያው የሚጀምረው ጁላይ 1 ነበር። ሕንፃው የወደቀው ከዚያ አንድ ሳምንት ቀድሞ ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ «ተመርምሯል ወይ» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ያም ሕንፃ ተመርምሮ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ባደረገው ምርመራ የመጀመሪያ ግኝቶቹ ላይ የገንዳው ሶሌታ ሲጀመርም የተነደፈው የያኔው ደንብ ከሚጠይቀው አቅም በታች እንደነበር አመልክቷል። ከጊዜ በኋላ አሸዋ፣ ንጣፍና ከባድ የአበባ መትከያ ተጨመረበት። በላዩ ላይ ዝገቱ አለ። የገንዳው ሶሌታ ቀድሞ ወደቀ፣ ሕንፃውን አስከተለ። ከዚህ የምንማረው፣ ዓይን የሚያየው ጉዳት አንድ ነገር ነው፣ ከተወለደ ጀምሮ ደካማ የሆነ ሶሌታ ደግሞ ሌላ ነው። ሁለተኛውን በዓይን ዞሮ በማየት ማንም አያገኘውም። የድሮውን ንድፍ አውጥቶ ማስላት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ሕጉ። ያንቺ ከተማ ያለችበት የፍሎሪዳው ማያሚ ዴድ ካውንቲ ዳግም ማረጋገጫ የሚባለውን አሠራር የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። በ1974 መሐል ማያሚ ላይ ጣሪያው የመኪና ማቆሚያ የነበረ የፌደራል መሥሪያ ቤት ሕንፃ ወድቆ 7 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ማለት ነው። ያኔ የተቀመጠው ዕድሜ 40 ዓመት ነበር፣ ከዚያ በየ10 ዓመቱ። በኋላ ጎረቤቱ ብራዋርድ ካውንቲም ተከተለ። የተቀረው ፍሎሪዳ ግን ያን ሁሉ ዘመን እንዲህ ያለ ግዴታ ሳይኖርበት ነው የኖረው። ከሰርፍሳይድ በኋላ፣ በሜይ 2022፣ መላ ግዛቱን የሚመለከት ሕግ ወጣ። ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆነ ኮንዶሚኒየም ወይም የኅብረት ሥራ ሕንፃ 30 ዓመት ሲሞላው መመርመር አለበት፣ ከዚያም በየ10 ዓመቱ። መጀመሪያ ላይ ከባሕሩ ጠረፍ በ3 ማይል ውስጥ ላሉት ዕድሜው 25 ዓመት ተብሎ ነበር። በ2023 ይሄ ከግዛቱ ሕግ ወጣ፣ የአካባቢው ባለሥልጣን እንደ ጨው ውሃ ቅርበት ያለ ምክንያት ካለው 25 ማድረግ ይችላል ተባለ። ማያሚ ዴድ ለባሕር ዳር ኮንዶሚኒየሞች 25ን ነው የያዘው።

ያንቺ ሕንፃ በ1986 ከተሠራ በግዛቱም ሕግ በካውንቲውም ደንብ የመጀመሪያው ምርመራ እስከ ዲሴምበር 31፣ 2024 ማለቅ ነበረበት። ስለዚህ ሪፖርት መኖር አለበት። «እየተዘጋጀ ነው» ካሉሽ ራሱ መልስ ነው።

የእህትሽ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። የግዛቱ ሕግ የሚለው ኮንዶሚኒየምና የኅብረት ሥራ ሕንፃ ነው። ሙሉ ሕንፃው የአንድ ባለቤት ወይም ኩባንያ ሆኖ ቤቶቹ የሚከራዩ ከሆነ ይሄ ሕግ አይነካውም። የሕግ አውጪዎቹ ሐሳብ ይገባኛል። ኮንዶሚኒየም ላይ ያለው ዋና ችግር መቶ ባለቤት ተሰብስቦ መዋጮ ላይ አለመስማማቱ ነው፣ አንድ ባለቤት ግን ብቻውን ይወስናል። ግን ጨው የባለቤትነት ወረቀት አይቶ አይመርጥም። ያው ባሕር፣ ያው ኮንክሪት፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረትም ያው ፌሮ ነው። እንዲያውም ተከራይ ስብሰባ ላይ አይጠራም፣ ድምፅ የለውም፣ ሪፖርት አይላክለትም። ይሄ ክፍተት ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ደግነቱ እህትሽ ያለችው ማያሚ ዴድ ውስጥ ነው። የካውንቲው ዳግም ማረጋገጫ ኪራይ አፓርትመንትንም፣ ቢሮንም፣ ሆቴልንም ይጨምራል። ነፃ የሚሆኑት አንድና ሁለት ቤተሰብ የሚኖርባቸው ቤቶችና በጣም ትንንሽ ሕንፃዎች ናቸው። ዕድሜው 30 ዓመት ነው፣ ከመዋቅሩ ጋር የኤሌክትሪክ መስመሩም ይታያል። ከማያሚ ዴድና ከብራዋርድ ውጪ ያለ ተከራይ ግን እንደየከተማው ነው። ከተማው የራሱን ደንብ ካላወጣ ምንም ላይኖር ይችላል። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ተከራዮችን ቀድማ ነው ያሰበችው። በ2015 በርክሌይ ከተማ የአንድ ኪራይ አፓርትመንት የእንጨት በረንዳ በስብሶ ተገንጥሎ 6 ወጣቶች ሞቱ። በ2018 ኪራይ ሕንፃዎች በረንዳና የውጭ ደረጃቸውን በየ6 ዓመቱ እንዲያስመረምሩ ሕግ ወጣ። ለኮንዶሚኒየሞች የተለየ ሕግ ወጥቶ በየ9 ዓመቱ ተባለ። የሚያየው በረንዳንና መሰሎቹን ብቻ ስለሆነ ጠባብ ነው፣ ግን ተከራይን ጨምሮ ሕግ ማውጣት እንደሚቻል ያሳያል።

አሁን ዋናው ጥያቄሽ ላይ ደረስን፣ «ካለፈ ይሄ ዝገት ምንድን ነው?»

ምርመራው ሁለት ምዕራፍ አለው። ምዕራፍ አንድ በዓይን ማየት ነው። ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ወይም አርክቴክት ሕንፃውን ዞሮ ያያል፣ ያየውን ይጽፋል። ከባድ የመዋቅር ጉዳት ምልክት ካላገኘ እዚያው ያበቃል። ካገኘ ወደ ምዕራፍ ሁለት ይገባል። እዚያ ነው ኮንክሪት ተቆርጦ ናሙና የሚወሰደው፣ ፌሮው የሚገለጠው፣ መሣሪያ የሚገባው። ታዲያ ሕጉ ከባድ የመዋቅር ጉዳት ለሚለው ትርጉም ሲሰጥ ስንጥቅ፣ የውሃ ልቀት ምልክት፣ የቀለምና የልስን መላጥ በራሳቸው አይቆጠሩም ይላል። የሚቆጠሩት መርማሪው «እነዚህ የከባድ ጉዳት ምልክት ናቸው» ብሎ ከወሰነ ነው። ስለዚህ ያ የጋራዡ ውሃ ታይቶ፣ «የገጽታ ጉዳይ ነው» ተብሎ ታልፎ ሊሆን ይችላል። መርማሪው ልክ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ውሳኔ ላይ ነው ያለው። ሕጉ ላይ ሌላም የሚያስጨንቀኝ ዓረፍተ ነገር አለ። የምርመራው ዓላማ ሕንፃው የሕንፃ ደንቡን ያሟላል ወይ የሚለውን ማረጋገጥ አይደለም ይላል። ቅድም ያልኩሽን አስታውሺ፣ ሰርፍሳይድ ላይ ንድፉ ራሱ ደካማ ነበር። እንዲህ ያለውን ይሄ ምርመራ እንዲፈልግ አልተጠየቀም።

ጨውና ፌሮ ምን እንደሚያደርጉ ትንሽ ላስረዳሽ፣ ጋራዡ ውስጥ ያየሽውን ራስሽ እንድታነቢው።

ደህና ኮንክሪት ውስጥ ያለ ፌሮ አይዝግም። ኮንክሪቱ አልካላይ ስለሆነ ብረቱ ላይ በጣም ስስ መከላከያ ሽፋን ይፈጠራል። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ከባሕር አየርና ከውሃ ጋር በኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ቀስ እያለ ይገባል። ዓመታት ይፈጅበታል። ፌሮው ጋ ደርሶ መጠኑ ሲበዛ ያን ሽፋን ይሰብረዋል። ከዚያ በኋላ ውሃና ኦክስጅን ካለ ዝገቱ ይጀምራል። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል። መጀመሪያ በፌሮው አቅጣጫ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወጣል። ቀጥሎ ቡናማ ውሃ። ቀጥሎ ኮንክሪቱ በገበታ በገበታ እየተላጠ ይወድቃል። አንቺ ያየሽው ይሄን የመጨረሻውን ነው። ማለትም እዚያች ቦታ ላይ ነገሩ የጀመረው ከዓመታት በፊት ነው።

አሁን የት ቦታ ነው የሚለው ይወስናል። ጋራዡ ግድግዳ ላይ ከሆነ ብዙም አልጨነቅም። ሶሌታው ኮለኑ (ምሰሶው) ላይ በቀጥታ በሚያርፍበት፣ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) በሌለበት ቦታ ዙሪያ ከሆነ ግን ያሳስበኛል። እንዲህ ያለ ሶሌታ ሲደክም ኮለኑ ይበሳዋል። ይሄ ዓይነት ስብራት ጎንበስ ብሎ፣ ተሰንጥቆ፣ አስጠንቅቆ አይመጣም፣ በድንገት ነው የሚሆነው። አንዱ ኮለን ሲለቅ ሸክሙ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል፣ እሱም ይለቃል። ስለዚህ ጋራዥ ስትገቢ ቀና ብለሽ የኮለኖቹን ራስ ዙሪያ እዪ። ከላይ ያለው ምንድን ነው? ገንዳ፣ የአበባ መትከያ፣ የመኪና መግቢያ ከሆነ ውሃው ከየት እንደሚመጣ አወቅሽ።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወይም ከጣሪያው የተንጠለጠለ ነጭ ጠብታ ካየሽ ውሃ ኮንክሪቱን አልፎ እየመጣ ነው። አዲስ ቀለም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተቀብቶ ካየሽ ከሥሩ ምን እንደነበር ጠይቂ። በረንዳሽ ላይ የብረት መከላከያው ሶሌታው ውስጥ የተተከለበትን ቦታ እዪው፣ ውሃ የሚጠራቀምበት ዋና ቦታ እሱ ነው። በረንዳ ላይ የተነጠፈ ሴራሚክም ውሃውን ከሥሩ ይዞ ያቆያል፣ ጉዳቱንም ይሸፍናል። ባለቤቶች ለማሳመር ብለው ያነጥፉታል፣ እኔ ግን ባሕር ዳር ባለ በረንዳ ላይ ባላየው ደስ ይለኛል።

መሐንዲስ ሲመጣ መዶሻ ይዞ ነው ወይ የመጣው ብለሽ ጠይቂ፣ የምሬን ነው። ኮንክሪቱን መታ መታ ሲያደርገው ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ከውስጥ የተላቀቀው ግን ባዶ ነገር ይመስላል። ይሄ ርካሹና በጣም ጠቃሚው ምርመራ ነው። መዶሻ ሳይነካው የተጻፈ ሪፖርት ላይ እምነቴ አነስተኛ ነው። ምዕራፍ ሁለት ላይ ደግሞ ክሎራይዱ ምን ያህል ጥልቀት እንደገባ የሚለካ ናሙና መኖሩን እፈልጋለሁ። ዛሬ ያልዛገው ፌሮ መቼ እንደሚዝግ የሚነግርሽ እሱ ነው።

ስለ ጥገናውም አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ማህበራት የሚሳሳቱበት ቦታ ነው። የተላጠው ላይ ሲሚንቶ መለጠፍ ጥገና አይደለም። የላላው ኮንክሪት ከፌሮው ጀርባ ድረስ መውጣት አለበት። ፌሮው ይጸዳል፣ ውፍረቱ ከቀነሰ አዲስ ይጨመርበታል፣ ከዚያ ነው የሚሞላው። በትክክል ቢሠራም እንኳ አዲሱ ኮንክሪት ንጹሕ፣ ዙሪያው ያለው አሮጌው ደግሞ በጨው የተበከለ ስለሆነ ዝገቱ ወደ ጥገናው ጠርዝ ይዛወርና እዚያ ይፈጥናል። ለዚህ ነው ጥገናው ውስጥ በብረቱ ፋንታ ራሱ የሚበላ ዚንክ የሚገባው። የሦስት ዓመት ጥገና ጠርዙ ላይ እንደገና ቡናማ ሆኖ ካየሽ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ከላይ ያለው የውሃ መከላከያ ሳይቀየር ከሥር መለጠፍማ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሪፖርቱ እጅሽ ሲገባ እንዲህ አንብቢው። መጀመሪያ ምዕራፍ ሁለት ተጠይቋል ወይ የሚለውን ፈልጊ። ከተጠየቀ፣ የምዕራፍ አንድ ሪፖርት በቀረበ በ180 ቀን ውስጥ ለሕንፃ ባለሥልጣኑ ምዕራፍ ሁለት መቼ እንደሚያልቅ የሚያሳይ የሂደት ሪፖርት መግባት ነበረበት። የምዕራፍ ሁለት ሪፖርት ከደረሰ በኋላ ጥገናው ቢዘገይ በ365 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። እነዚህን ቀኖች ከሪፖርቱ ቀን ጋር አስተያዪ። ቀጥሎ ፎቶዎቹን እዪ፣ የጋራዡ ፎቶ አለ? አንቺ ያየሽው ቦታ አለ? ከሌለ መርማሪው እዚያ ጋ ቆሟል ወይ ብለሽ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለሽ። የመጀመሪያው ንድፍ ታይቷል ወይ የሚለውንም ጠይቂ። መርማሪው የጥገናውን ሥራም ሊወዳደርበት የሚያስብ ከሆነ በ2025ቱ ማሻሻያ መሠረት ይሄን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ይሄ መጥፎ ነው አልልም፣ ግን እወቂው።

ሪፖርቱን ማግኘት ትችያለሽ ወይ? አዎ፣ ተከራይ ሆነሽም። የፍሎሪዳ ሕግ ለኮንዶሚኒየም ተከራይ የሚፈቅዳቸው ሰነዶች ጥቂት ናቸው፣ የምርመራ ሪፖርቱ ግን ከነሱ አንዱ ነው። ማየትም ኮፒ ማድረግም መብትሽ ነው። ማህበሩ ራሱ ሪፖርቱ በደረሰው በ45 ቀን ውስጥ መርማሪው ያዘጋጀውን ማጠቃለያ ለባለቤቶች መላክና ሕንፃው ውስጥ በግልጽ ቦታ መለጠፍ ግዴታው ነው። አልሰጥም ካሉ ሪፖርቱ ለከተማው የሕንፃ ክፍል ስለገባ ከዚያ መጠየቅ ይቻላል። ፍሎሪዳ ውስጥ እንዲህ ያለ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። ለእህትሽም መንገዱ ይሄ ነው። የሕንፃውን አድራሻ ይዛ ዳግም ማረጋገጫው መቼ እንደተደረገና ምን እንደተጻፈ ከሕንፃ ክፍሉ ትጠይቅ። የአከራይዋ ፈቃድ አያስፈልጋትም።

አሁን ገንዘቡ። ዋጋው ቀነስ ያለ ነው ብለሻል። ለምን? ፍሎሪዳ ውስጥ ከዚህ በፊት ባለቤቶች በየዓመቱ በድምፅ ብልጫ መጠባበቂያ ገንዘብ ማስቀመጡን ይተዉት ነበር። ወርሃዊ ክፍያው ዝቅ ይላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ካዝናው ባዶ ነው። አዲሱ ሕግ ይሄን ዘግቶታል። ማህበሩ በየ10 ዓመቱ የመዋቅር መጠባበቂያ ጥናት ማሠራት አለበት። ጣሪያ፣ ተሸካሚ መዋቅር፣ የእሳት መከላከያ፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ የውሃ መከላከያና የውጭ ቀለም፣ መስኮትና የውጭ በር እያንዳንዳቸው ስንት ዓመት እንደቀራቸውና ስንት እንደሚፈልጉ ይጻፋል። ባለቤቶች ማህበሩን በሚመሩበት ሕንፃ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በሚጸድቅ በጀት ላይ ለነዚህ የሚቀመጠውን ገንዘብ በድምፅ መተው አይቻልም። ጥናቱ የሚያልቅበት ቀን ግን ወደ ዲሴምበር 31፣ 2025 ተገፍቷል። በ2025 ደግሞ ትንሽ ላላ፣ በባለቤቶች ድምፅ በብድር መሸፈን ይቻላል፣ ምርመራው የጠየቀውን ጥገና ለመሥራትም የመጠባበቂያ መዋጮውን እስከ ሁለት ዓመት ማቆም ይፈቀዳል። ጡረተኞች በድንገተኛ መዋጮ ከቤታቸው እየወጡ ስለሆነ የመጣ ነው፣ ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው። ግን ለአንቺ እንደ ገዢ ትርጉሙ ግልጽ ነው። የቆመው መዋጮ በኋላ ይመጣል፣ ያኔ ባለቤቷ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ከምርመራ ሪፖርቱ ጋር የመጠባበቂያ ጥናቱን፣ የዚህን ዓመት በጀትና ያለፉትን ሁለት ሦስት ዓመታት የቦርድ ቃለ ጉባኤዎች ጠይቂ። ልዩ መዋጮ ከመጣሉ በፊት ወሬው ቃለ ጉባኤ ላይ ነው የሚታየው። ሻጯ ያልከፈለችው መዋጮ ካለ በፍሎሪዳ ሕግ ገዢውም አብሮ ተጠያቂ ይሆናል። ለዚህ ማህበሩ የሚሰጠው የዕዳ ማረጋገጫ ደብዳቤ ከመዝጊያው፣ ማለትም ሽያጩ ከሚጠናቀቅበት ቀን፣ በፊት መምጣት አለበት። ውሉ ላይም «ከመዝጊያ በፊት የጸደቀ ልዩ መዋጮ በሻጭ ይከፈላል» የሚል ይግባልሽ፣ ጠበቃሽ ያውቀዋል። ባንክሽንም ቀድመሽ ጠይቂ። ከሰርፍሳይድ በኋላ የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዙት ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ ከባድ ያልተሠራ ጥገና ያለበትን ሕንፃ ብድር አይገዙም። ባንኩ ለዚህ ሕንፃ አላበድርም ካለሽ ነገ ስትሸጪውም ገዢሽ ብድር አያገኝም ማለት ነው። ዋጋውም የቀነሰው በዚህ ሊሆን ይችላል።

ከፈረምሽ በኋላም ሰነዶቹ እጅሽ ከገቡ ጀምሮ ውሉን የምታፈርሺበት ጊዜ አለሽ። ከ2025 ወዲህ 7 ቀን ነው፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ሳይቆጠሩ። ግን በዚህ ተስፋ አድርገሽ አትፈርሚ። መቶ ገጽ ሪፖርት በ7 ቀን አንብቦ፣ መሐንዲስ አማክሮ መወሰን ከባድ ነው።

የኔ ምክር፣ ሪፖርቱ ምዕራፍ ሁለት ድረስ ሄዶ፣ ጥገናው እየተሠራ ወይም አልቆ፣ ገንዘቡም የተቀመጠለት ከሆነ፣ ዝገት ያየሽበት ሕንፃ ከብዙ ንጹሕ መሳይ ሕንፃዎች ይሻላል። ችግሩን አውቆታል፣ ከፍሎበታል። ምዕራፍ አንድ ላይ «ሁሉም ደህና» ተብሎ፣ ጋራዡ እያፈሰሰ፣ መጠባበቂያውም ባዶ ከሆነ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ እኔ አልገዛውም።

እስከዚያ እዚያው ስለምትኖሪ ይሄን እወቂ። በር ወይም መስኮት በድንገት አልዘጋ ካለ፣ አዲስ ስንጥቅ በቀናት ውስጥ ከሰፋ፣ ሶሌታው ጎበጥ ብሎ ውሃ አዲስ ቦታ ላይ ከተኛ፣ ኮለን ራስ አካባቢ ኮንክሪት ከወደቀ፣ ከግድግዳ ወይም ከወለል የመሰንጠቅ ድምፅ ከሰማሽ ለማህበሩ ኢሜይል ጽፈሽ አትጠብቂ። ልጆችሽን ይዘሽ ውጪና 911 ደውዪ፣ ከዚያ ለከተማው የሕንፃ ክፍል። ባለሥልጣኑ ሕንፃ የማስለቀቅ ሥልጣን አለው። ሰርፍሳይድ ከወደቀ በሳምንቱ ኖርዝ ማያሚ ቢች ውስጥ ክሬስትቪው ታወርስ የተባለው 156 ቤቶች ያሉት ሕንፃ በአንድ ቀን እንዲለቀቅ ተደርጓል። መሐንዲሱ አደገኛ ነው ብሎ የጻፈው ሪፖርት በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ የተዘጋጀ ነበር።

ዛሬ የምታደርጊው ቀላል ነው። ጋራዡ ውስጥ ያየሽውን ፎቶ አንሺ፣ የኮለኑን ቁጥርና ቀኑን ጻፊበት። ለማህበሩ በኢሜይል የምዕራፍ አንድና ካለም የምዕራፍ ሁለት ሪፖርት ሙሉውን እንዲልኩልሽ ጠይቂ፣ አከራይሽም በራሷ ስም የመጠባበቂያ ጥናቱንና ቃለ ጉባኤዎቹን ትጠይቅልሽ። ለባለቤት ሰነድ ለማሳየት ሕጉ የሰጣቸው ጊዜ 10 የሥራ ቀን ነው። ሲደርስሽ ስለ ጋራዡና ስለ ገንዳው የሚያወሩትን ገጾች ከፎቶሽ ጋር ላኪልኝ፣ አብረን እናያቸዋለን።